ግማሽ ረድፍ

ሬይኪያቪክ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1992

ዳግሩንዬ፣

«አንድ ሰው በቀን ስንት ቃል ቢጽፍ ነው መጽሐፍ የሚወጣው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በዚህ አገር ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ የኖረ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም እንደ አዲስ ተመራቂ ወረቀት ዘርግቼ አሰላሁት። ልቦለዱ ሰባ ሺህ ቃል ይሁን። የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ለሚጽፉ የወጣው ውድድር የሚዘጋው በኦገስት የመጨረሻ ቀን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት መቶ አርባ አንድ ቀን አለን። ስለዚህ በቀን ሦስት መቶ ቃል። በቃ! ሦስት መቶ ቃል እኮ እኔና አንቺ ዩኒቨርሲቲ ካፌ ገብተን ወንበር እስክንስብ የምናወራው ነው።

ምን አስቸኮለሽ ላልሽው፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። የገና ዋዜማ እናቴ ስጦታዬን ሰጠችኝ፤ እንደ ወጉ መጽሐፍ ነው። ወረቀቱን ስቀደው የአክስቴ ልጅ ስም ሽፋኑ ላይ ቁጭ ብሏል። ያ ሹራቡን ገልብጦ የሚለብሰው ልጅ! እናቴ «እሱ እንኳን ጻፈ» አለች፤ ክፋት አስባ አይደለም። በማግስቱ ከአልጋዬ ሳልወርድ አንብቤ ጨረስኩት። ጥሩ መጽሐፍ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ ምሳዬን እበላ ነበር።

እንግዲህ ውላችን ይህ ይሁን። በየቀኑ እንጽፋለን፣ ቃሉን እንቆጥራለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ሰባት ቁጥር በደብዳቤ እንላላካለን። በስልክ አይሆንም። በስልክ ሰው ይዋሻል፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን ቁጥር ነው።

የጻፍነውን በሻርፕ ላይ በክር የመመዝገብ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ ካንቺ በቀር ማንም አያስበውም። ለአንድ ቀን አንድ ረድፍ፤ ግራው ግማሽ ያንቺ፣ ቀኙ የኔ። ምንም ያልተጻፈበት ቀን ግራጫ፣ ከሦስት መቶ በታች ነጭ፣ ከሦስት መቶ ጀምሮ ቀይ። ሁለታችንንም አንቺ ትሠሪናለሽ ማለት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ሹራብ የተማርኩት መምህሯን ለማስለቀስ ነበር።

ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። የዓሣ ፋብሪካው ቢላዋ ጣቶችሽን ይማርልን፤ ለመጽሐፉ ያስፈልጋሉ።

ሳልቮር

——

ሬይኪያቪክ፣ ፌብሩዋሪ 15

ዳግሩን፣

ኧረ አልተቀየምኩሽም! ከየት አመጣሽው? ደብዳቤዬ ያጠረው ሥራ ስለበዛብኝ ነው... ተይው፣ ሥራም አልበዛብኝም። መዋኛው ቤት መግቢያ ላይ ቁጭ ብዬ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ሳይታጠቡ ወደ ገንዳው የሚሮጡ እንግዶችን እመልሳለሁ፤ ሌላው ጊዜ ሁሉ የራሴ ነው።

ያስቸገረኝ ያንቺ ቁጥር ነው። 412፣ 388፣ 506፣ 341፣ 377፣ 455፣ 620። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ! ስድስት መቶ ሃያ ቃል፣ ያውም ሙሉ ሳምንት ዓሣ ስትቆርጪ ሰንብተሽ! ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ነው አልሽ። ደግሞም ከመስኮትሽ ባሕር ይታያል። እኔ የማየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ምን ይጻፋል ስለ መኪና ማቆሚያ?

የኔው ይኸውልሽ፦ 300፣ 120፣ 0፣ 0፣ 64፣ 0፣ 211።

ስለ ቶርሌይፉር ነግሬሽ ነበር? ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ናቸው፤ በር ሲከፈት የመጀመሪያው ገቢ እሳቸው ናቸው። መጽሐፍ እየጻፍኩ መሆኑን ከነገርኳቸው ወዲህ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሳይጠይቁኝ አያልፉም።

«ዛሬስ ስንት?»

«ስልሳ አራት።»

«ገጽ?»

«ቃል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሙቅ ውሃው ውስጥ እስክገባ ከዚያ በላይ እሳደባለሁ እኮ!» ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። «ያቺ ምዕራብ ያለችው ጓደኛሽስ?»

«ስድስት መቶ ሃያ።»

«አሃ» አሉና ገቡ።

ዳግሩን፣ ያቺ «አሃ» እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረብኝ። በሚቀጥለው እላለሁ።

ሳልቮር

——

ሬይኪያቪክ፣ ማርች 21

ዳግሩንዬ!

«ምን ተገኘ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀድሜ ልመልስልሽ። ምንም አልተገኘም፣ ተከፈተልኝ በቃ! ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ አዞርኩት፣ እንዳንቺ በጠዋት መነሳት ጀመርኩ፣ ከዚያ እጄ አልቆም አለ።

600፣ 650፣ 700፣ 600፣ 750፣ 800፣ 700።

ቀዩን ክር በደንብ ግዢ። አንቺም አይዞሽ፣ ትደርሺብኛለሽ። የባለፈው ሳምንት ቁጥርሽ ጥሩ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ።

አጠረብሽ አይደል? ልጽፍ ስለምሄድ ነው።

ያንቺው ሳልቮር

——

ቲንጌይሪ፣ ኤፕሪል 25

ሳልቮርዬ፣

መንገዱ ተከፈተ ወይ አልሽ። የት ተከፍቶ! ሐሙስ «የበጋ መጀመሪያ» በዓል ነው ብለን እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ተባባልን፤ በረዶው ደግሞ እስከ መስኮቱ። ደብዳቤሽን ያመጣው ትንሹ አውሮፕላን ነው፤ እሱም ሦስት ቀን ነፋስ ጠብቆ። ለበጋው አባቴ የጽሕፈት መኪና ጥብጣብ በስጦታ ሰጠኝ። «ቀለሙን እንደ ውሃ ነው የምትጠጪው» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀናሁብሽ። እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። አምስት መቶ ስጽፍ ራሴን እንደ ጎበዝ እቆጥር ነበር። አሁን ያንቺን ሰባት መቶና ስምንት መቶ እያየሁ አምስት መቶ ላይ ማቆም አሳፈረኝ። ስለዚህ አሁን ሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ ሰባት መቶ ሳይሞላ ወደ ፋብሪካ አልሄድም። 713፣ 689፣ 702፣ 731፣ 698፣ 744፣ 720። ትናንት ዓሣ እየቆረጥኩ ዓሣውን ስቆጥር አለቃዬ «ዳግሩን፣ ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አለኝ። «ቃል» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፤ ያንቺ ቁጥር ሁሉ በዜሮ ያልቃል። ልክ ስድስት መቶኛው ቃል ላይ ነጥብ ታደርጊያለሽ እንዴ? አባቴ «የከተማ ሰው ቁጥሩንም አጥቦ ነው የሚያወጣው» ይላል።

እባክሽ አንድ ምዕራፍ ላኪልኝ። አንድ ብቻ። እንዲህ እጅሽን አላቆም ያለው ታሪክ ምን እንደሆነ ልወቅ።

የእጄ አንጓ ላይ ትንሽ ሕመም ይሰማኛል፤ ሹራቡ ይሆናል። ምንም አይደለም።

ዳግሩን

——

ሬይኪያቪክ፣ ጁን 6

ዳግሩንዬ፣

ምዕራፉን አልረሳሁትም፤ ስትጠይቂኝ ይኸው ሦስተኛ ጊዜሽ ነው። ገና ጥሬ ነው። ጥሬውን ብልክልሽ ሆድሽን ያምሻል። ሲበስል የመጀመሪያዋ አንባቢ አንቺ ነሽ።

ቁጥሮቼ ግምት ናቸው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በገጽ ነው የምገምተው፤ እንዳንቺ አንድ በአንድ የመቁጠር ትዕግሥት የለኝም። 850፣ 900፣ 850፣ 900፣ 950፣ 900፣ 900።

ይልቅ የሜይ አሥራ አምስቱ ኬክ ምንድን ነው? «ዛሬ አባቴ ኬክ ጋገረ» ብለሽ ዝም! ማን ተወለደ? ዛሬ እነግርሻለሁ፣ ነገ እነግርሻለሁ እያልሽ ይኸው ሦስት ሳምንት። ከኔም ሚስጥር ጀመርሽ?

ስለ እጅሽ አታስቢ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይተወዋል።

ሳልቮር

——

ቲንጌይሪ፣ ጁላይ 11

ለሳልቮር፣

ይህን የምጽፈው እኔ አባቷ አውስቫልዱር ነኝ። ዳግሩን አጠገቤ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

የባለፈው ሳምንት ቁጥር ለምን ቀረ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። «ደህና ነኝ በል» ትለኛለች። ደህና አይደለችም። ሐኪሙ የቀኝ እጇን ከክርን እስከ ጣት ጠቅልሎታል። ጅማቷ አብጧል። ስድስት ሳምንት ቢላዋ የለም፣ ጽሕፈት መኪና የለም፣ ሹራብ የለም ብሏል።

«እሱን አትጻፍ!» ትላለች። ጽፌዋለሁ።

«ሻርፑ ጁላይ አራት ላይ ቆሟል፣ ሲሻለኝ እቀጥላለሁ በላት።» እሺ።

አሁን ውሃ ልትጠጣ ተነሳች፤ የራሴን ልጨምር። በቀን ዘጠኝ መቶ ቃል የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ሠርቻለሁ፤ በጎረቤት ጀልባ ጭነት ላይ ዓይኑን ሰክቶ መረብ የሚጎትት ሰው ወገቡን ሳይሰብር አይመለስም። እሷ አልሰማችኝም። አንቺስ እጅሽን አያምሽም? እንዴት ነው የምታደርጊው? ለሷ ብትነግሪያት ጥሩ ነበር።

መጣች። «ምን ጻፍክ?» ትላለች። ሰላምታ ነው አልኳት።

አውስቫልዱር

——

ሬይኪያቪክ፣ ጁላይ 18

ዳግሩን፣

አባትሽ «እንዴት ነው የምታደርጊው?» ብለው ጠይቀውኛል። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቲኬት የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ያንቺን ደብዳቤ እከፍታለሁ። ሰባቱን ቁጥር አያለሁ። በያንዳንዱ ላይ ትንሽ እጨምርና የኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ። በዜሮ የሚያልቁት ለዚህ ነው። አንቺ ሰባት መቶ ስትይ ስምንት መቶ፣ ስምንት መቶ ስትይ ዘጠኝ መቶ። ደብዳቤዬ ሲደርስሽ አንቺ ያንን አይተሽ ትነሺያለሽ። እኔ እተኛለሁ።

የጀመርኩት ማርች አሥራ አምስት ነው። እስከ ጁላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቀን ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ በሰማንያ ሦስቱ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። በቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀናት የጻፍኩት በሙሉ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ቃል ነው፤ ትናንት አንድ በአንድ ቆጠርኩት። የየቀኑን ቁጥር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጥሬ ምዕራፍ የለም፤ ምዕራፍ ራሱ የለም።

ሌላም አለ፤ ይህን ባልጽፍ እመርጥ ነበር። የአባትሽን ደብዳቤ ሳነብ፣ «ስድስት ሳምንት» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ከመደንገጤ በፊት ኦገስትን ቆጠርኩ። ለውድድሩ አትደርስም አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ። ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ግን አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የፈራሁት፣ አንቺን ሳይሆን ራሴን።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሻርፑ ላይ የኔን ግማሽ ተርትሪው። ያንቺ ይቆይ፤ ያንቺ እውነት ነው። ውድድሩንስ እንዴት ታደርጊዋለሽ?

ሳልቮር

——

ቲንጌይሪ፣ ኦገስት 8

ሳልቮር፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አጭር ነው።

ለውድድሩ አልልክም። ኬኩን ጠይቀሽኝ ነበር። መጽሐፉ ያለቀበት ቀን ነው። ሜይ አሥራ አምስት ታሪኬ አለቀ፣ አባቴ ጋገረ። ያልነገርኩሽ አንቺ ገና እየጻፍሽ ስለነበር ነው። ጀልባዬ ቀድሞ ገባ ብዬ ማቆም አፈርኩ። ያንቺ በቀን ዘጠኝ መቶ ሲያድግ የኔ ትንሽ መሰለኝ። እንደገና ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ የሚበሉና ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። ረድፉ ቀይ እንዲሆን። አሁን ሳየው የቱ የኔ እንደሆነ፣ የቱ ያንቺ ቁጥር ያጻፈኝ እንደሆነ አላውቅም።

«የኔን ግማሽ ተርትሪው» አልሽ። ሹራብ የማታውቂ መሆንሽ እዚህ ላይ ታየ። በየረድፉ መሐል ላይ ያንቺና የኔ ክር ይጠላለፋል፤ አለበለዚያ ሻርፑ ለሁለት ይቀደዳል። ያንቺን ስተረትር የኔም አብሮ ይወርዳል።

ይኸው ከነክሩና ከነኪሮሹ ልኬልሻለሁ። እንደሚሆን አድርጊው።

ይቅር አልሽኝ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አሁን መልሱን አላውቀውም።

ዳግሩን

——

ሬይኪያቪክ፣ ኦገስት 22

ዳግሩን፣

እንዳትጠይቂኝ ያልሽውን አልጠይቅሽም። «እንደሚሆን አድርጊው» ላልሽው ብቻ መልስ አለኝ።

አሥር ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሳልተረትረው ከላይ እስከ ታች በወረቀት ገለበጥኩት፤ የያንዳንዱን ቀን ያንቺን ቀለም፣ የኔን ቀለም። እስከ ሰባ አንደኛው ረድፍ ድረስ ሁለታችንም አለን። ያንቺ አንዳንዴ ነጭ ነው፣ አንዲት ግራጫም አለች፤ ጃንዋሪ ላይ፣ አባትሽ በረዶ ላይ የወደቁ ቀን። ከሰባ ሁለተኛው ጀምሮ ሁሉም ቀይ በቀይ። ግን በጣቴ ስነካው አንድ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ልል ነው፤ ወደ ጁን ሲጠጋ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ ኪሮሹ አላስገባ ይላል። እጅሽ መታመሙን ለማወቅ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር፤ እዚያው ላይ ነበረ። እኔ ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ ይተወዋል ብዬሻለሁ።

ከዚያ እስከ ሰባ ሁለተኛው ረድፍ ተረተርኩት። መዋኛው ቤት መግቢያ ላይ ቶርሌይፉር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ክሩን ያዙልኝ፤ ፀጉራቸው ገና ውሃ እያንጠባጠበ። መልሼ ስሠራው ደግሞ በየቀኑ እየመጡ ያያሉ።

«ይሄ ሁሉ ግራጫ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብዙ ነሽ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ያ ቀዩስ?»

«ዳግሩን።»

እንደ በፊቱ «አሃ» አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ረድፍ ላይ ጎንበስ አሉና «እዚች ጋ አንድ የክር ዓይን ዘለሻል፤ ፍቺው» አሉኝ። ፈታሁት።

ያንቺን ረድፎች እንደነበሩ መለስኳቸው፣ ላላ አድርጌ። የኔን እንደ እውነቱ፤ ሰማንያ ሦስት ግራጫ፣ የቀረው ነጭ፣ ሦስት ቀይ። ሦስቱንም ስሠራ በልቤ ጨፍሬያለሁ፤ ሰው አይለወጥም ብለሽ ሳቂብኝ።

አሁን ወደ ሜይ አሥራ አምስት ልምጣ። መቶ ሠላሳ ሦስተኛው ረድፍ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እዚያ ላይ ሰማያዊ ክር አስሬልሻለሁ፤ በውላችን ያልነበረ ቀለም። ገጾችሽ ላይ ሁልጊዜ ቀን እንደምትጽፊ አውቃለሁ። ሜይ አሥራ አምስት የሚለውን ገጽ የመጨረሻ አድርጊው፤ ከሱ በታች ያለውን አንሺው። እነዚያ የሚበሉት ሰዎች የኔ ናቸው፤ እኔ ነኝ የጋበዝኳቸው፣ አስወጫቸው። እስከዚያ ያለውም በቅናት የተጻፈ ነው ትይ ይሆናል። ይሁን። አባትሽ ግን ለቅናት ኬክ አይጋግሩም። አልቋል ስትያቸው ፊትሽን አይተው ነው የጋገሩት።

የሚጻፍ ነገር የለም ዳግሩን፤ መቁረጥ ብቻ ነው። በግራ እጅም ፖስታ ይታሸጋል፤ ምላስ ደግሞ አላበጠብሽም። እስከ ሰኞ ሳምንት ጊዜ አለ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት ይበቃኛል። ብታሸንፊ፣ የዘንድሮ ባይሆን የከርሞ ገና ዋዜማ፣ እናቴ መጽሐፍሽን በወረቀት ጠቅልላ እንደምትሰጠኝ ይታየኛል። «ያቺ ጓደኛሽ ጻፈች» ትለኛለች። ስቀደው ስምሽ ይኖራል። አነበዋለሁ፣ ጥሩ ይሆናል፣ ምሳዬም አይበላልኝም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የምልሽ፤ ላኪው።

ሻርፑን እየመለስኩልሽ ነው፤ ያልጨረስኩት ስለደከመኝ አይደለም። ከጁላይ አራት ወዲህ ያሉትን ሰባት ሳምንታት ዘልዬ የዛሬን ረድፍ ጀምሬዋለሁ። የሚጀመረው ከቀኝ ስለሆነ የኔ ግማሽ አልቋል፤ ነጭ ነው፣ አንድ መቶ አርባ ሦስት ቃል፣ ስለ መኪና ማቆሚያ። ያንቺ ግማሽ ኪሮሹ ላይ እንደተሰቀለ ነው። መሐሉ ላይ ክሬን አሳልፌዋለሁ፤ ካንቺ ክር ጋር ካልተጠላለፈ አይይዝም።

ግራጫውንም ነጩንም ቀዩንም ክር ከጥቅሉ ውስጥ ታገኚያቸዋለሽ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ በይኝ፤ በአባትሽ እጅም ቢሆን ጻፊልኝ። ረድፉን በምን ቀለም ትጨርሺዋለሽ? አንድ ቁጥር ላኪልኝ።

ሳልቮር